የጳጉሜን ስድስት ልጅ

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ለሉሊ ነጋሲ፤

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ መድኃኒት፣ አባትሽ ነጋሲ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልል፤ እሱም ብርድ ሲሆን ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ። ፈጣሪ ጥርስሽንና ዓይንሽን ከዚያ ድንጋይ ከሚመስል ኳስ ይጠብቅልኝ። ሌላው ሰው ሲመርቅሽ ስለ ጤና ስለ ዕድሜ ይላል፤ እኔ ግን ጨዋታሽን በጎረቤቴ በአፍራህ ስልክ ካየሁ ወዲህ በቀጥታ ጥርስሽን ነው የምመርቀው።

እናትሽ የገና ማግስት ደውላ «ሉሊ ለቤልጂየም የሆኪ ብሔራዊ ቡድን ተጠራች፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች፣ በሐምሌ የአውሮፓ ውድድር አላቸው» ስትለኝ ጃንጥላዬ ሥር ነበርኩ፤ ደንበኛ ፊቴ ተቀምጦ የይዞታ ማመልከቻ እየጻፍኩለት። «ለተከበሩ» ማለት ሲገባኝ «ለተመረጡ» ብዬ ጽፌ ቁጭ። ሰውየው ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ማን ነው የተመረጠው?» አለኝ። «የአክስቴ ልጅ ልጅ» አልኩት፤ ሌላ ወረቀት አውጥቼ በነጻ ጻፍኩለት። ደስታ እንዲህ ያደርጋል ለካ።

ሥራዬን ረስተሽው እንደሆነ ያው ነው። ወረዳው በር ላይ፣ አረንጓዴው ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ ዘንድሮ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ወጣቶቹ ቅጹን በስልካቸው መሙላት ጀምረዋል፤ ቀን መመለስ ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሰው እኔው ጋ። የወረዳው ጥበቃ ጋሽ ዳባ «ካልኩሌተሯ» ነው የሚለኝ። አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም ይለኛል፤ እኔም እውነት ነው እላለሁ።

ለዳባ ስነግረው «ሆኪ በበረዶ ላይ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ሣር ላይም አለ። የገና ጨዋታ በለው። የተቆለመመ ዱላ፣ ኳስ፣ ሩጫ፣ ድብደባ።»

«ታዲያ ሴት ልጅ ገና ትመታለች?»

«እሷማ በሰባት ዓመቷ ትመታ ነበር፤ አንተ ነህ የዘገየኸው» አልኩት።

ትዝ ይልሻል? ካዛንቺስ፣ ግቢያችን ጀርባ በነበረው ሜዳ፣ አባትሽ ከወይራ ቆርጦ የሰጠሽን ዱላ ይዘሽ ከወንዶቹ ጋር ስትራኮቺ፤ ከቆዳ የሰፉትን ኳስ፣ ሩሯን፣ በግራ እጅሽ ልከሽ የጎረቤታችንን የኩልሱምን የበርበሬ ሰፌድ የደፋሽው። ኩልሱም «ማገዶ አደርገዋለሁ» ብላ ዱላሽን ወሰደች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሷ መልሳ አመጣችልሽ። ያ ግቢ አሁን የለም። ሰው ሁሉ ወደየደረሰው ሰፈር ሄዷል፤ ሜዳውም ሰፊ መንገድና አበባ ሆኗል። ያምራል፤ ብቻ የት ጋ እንደነበርን ለመለየት ቆሜ መቁጠር አለብኝ።

እንግዲህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ አጠገቤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አፍራህ፣ የኩልሱም ልጅ፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጻፊ። ሦስተኛ ክፍል ድረስ እዚህ የተማርሽው ፊደል በከንቱ እንዳይቀር።

ደስ ብሏት የማትጠግበው አክስትሽ፣
ሙሉመቤት

አንትወርፕ
ጃንዋሪ 29፣ 2025

ለተከበሩ እትዬ ሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያሽልልኝ። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነው፤ «ሰላምታው አጠረ» ትላለች። ስለዚህ አፍራህን፣ እማማ ኩልሱምን፣ ጋሽ ዳባንም ሰላም ይበሉልኝ። ለጋሽ ዳባ በረዶ ላይ አይደለም ይበሉልኝ። እንደውም ሣሩም ሣር አይደለም፤ ምንጣፍ ነገር ነው፣ ከጨዋታ በፊት ውሃ ያጠጡታል። መጀመሪያ ሳየው ይበቅላል ብለው ነው የሚያጠጡት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኳሱ እንዲፈጥን ነው።

የገናው ዱላ ትዝ ይለኛል። ለዚህ ጨዋታ ግን መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር፤ ማለቴ፣ የዚህኛው ዱላ አንድ ጎኑ ብቻ ነው ጠፍጣፋ፣ በክቡ በኩል ኳስ ከነኩ ጥፋት ነው። ለግራኝ የሚሆን ዱላ ደግሞ የለም። ስለዚህ ኳሱ በግራዬ ሲመጣ ዱላውን ገልብጬ በጫፉ ነው የምመታው፤ እንደዚያ የሚመታ በቡድናችን ብዙ የለም። አሠልጣኛችን «የት ነው የተማርሽው?» ስትለኝ «ካዛንቺስ» እላታለሁ። ትልቅ ክለብ መስሏታል።

አሁን የምጽፍበት ጉዳይ ግን ጥሩ አይደለም። ትናንት አሠልጣኟ ለብቻ ጠርታኝ ነበር። ስሜን የላከው ክለቤ ነው፤ ወረቀቴን በደንብ ያዩት ገና አሁን ነው። ወረቀቴ ሴፕቴምበር 11፣ 2006 ነው የሚለው። ለዚህ ቡድን የሚፈቀደው ከጃንዋሪ 2007 ወዲህ ለተወለደች ብቻ ነው። በአራት ወር እንኳን በማይሞላ ጊዜ አለፈኝ ማለት ነው። በትልልቆቹ ቡድን ደግሞ በኔ ቦታ አምስት ሰው አለ። ዘንድሮ ይህ ውድድር ላይ ካልታየሁ፣ በቃ፣ ማንም አያየኝም።

ግን እማዬ ሁሌም «የወለድኩሽ የሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው፤ ታቅፌሽ ርችቱን በመስኮት አይቻለሁ» ነው የምትለኝ። ፈልጌ አገኘሁት፤ የ2000 አዲስ ዓመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ነበር። ዋዜማው ሴፕቴምበር 11፣ 2007። ወሩም ቀኑም ልክ ነው፣ ዓመቱ ግን አንድ ተሳስቷል። እማዬን ስላት «ወረቀቱን የሚያውቁት የጻፉት ናቸው» ብላ ወጥ ልታማስል ሄደች።

እትዬ ሙሉ፣ የትኛው ነው ልክ? እርስዎ ቀን ያውቃሉ። የተወለድኩበት ጤና ጣቢያ ወረቀት ካለ ይፈልጉልኝ። የሆነ ደንታ ቢስ ጸሐፊ ነው ያበላሸው መሰለኝ።

አክባሪዎ ሉሊ

አዲስ አበባ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ሉሊ፤

ለጤናሽ፣ ለእናትሽ ጤና፣ ለአባትሽ ጤና፣ ለጎረቤቶችሽም ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ። በዚያ ብርድ ወገብሽን አስሪ። ሁላችንም ደህና ነን። ዳባ ሰላም ብሎሻል፤ ሣሩ ምንጣፍ ነው ብዬ ብነግረው «ታዲያ ጫማ አውልቀው ነው የሚጫወቱት?» አለኝ። አፍራህ አዲስ ማሽን ገዝታለች፣ ባለቀለም ያወጣል። በጠዋት ጉዳይ ኖሮኝ በመስቀል አደባባይ ሳልፍ ደረጃውን ሽቅብ የሚሮጡ ሴቶች ልጆች አየሁና አንቺን አስታውሼ ታክሲው እስኪያልፈኝ ቆምኩ።

ስለጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ ጤና ጣቢያው አንዴ ሄጄ ነበር፤ አላገኘሁም። መዝገብ ቤቱ ቦታ ለውጧል፣ አሮጌዎቹ መዝገቦች መጋዘን ገብተዋል፣ ብዙ ነገር ነው። እንደገና እሞክራለሁ። ብቻ፣ ልጄ፣ እናትሽም እኮ ያኔ ከምጥ የተነሣች ሴት ነበረች። ዓመት ሊምታታባት ይችላል። ርችት ደግሞ ለሌላውም በዓል ይተኮሳል። ምናልባት ወረቀቱ ልክ ይሆን ይሆናል፤ ማን ያውቃል። አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ ትልልቆቹ ቡድን ውስጥ በቀጥታ ብትገቢስ? አምስት ሰው ምን አላት።

ደንበኛ መጣብኝ። ሰላም ሁኚ።

ሙሉመቤት

አንትወርፕ
ማርች 6፣ 2025

ለተከበሩ እትዬ ሙሉ፤

እንደምን አሉ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለእማማ ኩልሱምና ለአፍራህም ረመዳን ሙባረክ ይበሉልኝ። እኛ ደህና ነን። ባለፈው ቅዳሜ ተጫውተን አሸነፍን፤ ጥርሴም ሙሉ ነው።

እትዬ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል። ርችቱ ለሌላ በዓል ይሆናል ብለው ጻፉልኝ። እማዬን እንደገና ጠየቅኋት። የጤና ጣቢያው ነርሶች ሁሉ «2000» የሚል ካኔቴራ ለብሰው እንደነበር ነገረችኝ። ካኔቴራ አይምታታም።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። ይስተካከላል አሉኝ፤ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛው በተወለድኩበት ጊዜ የተጻፈ መረጃ። ሁለተኛው ደግሞ ቅጹን የሞላው ሰው ስህተቱ እንዴት እንደመጣ ጽፎ የፈረመበት ወረቀት። እስከ ሜይ 15 ካልደረሰ የቡድኑ ስም ዝርዝር ይዘጋል።

እማዬን «ቅጹን ማን ነው የሞላልሽ?» አልኳት። «ተይው፣ ሉሊ» አለችኝ። እማዬ ነገር ተይው የምትል ሰው አይደለችም፤ እርስዎም ያውቋታል። ሰውየው የሚፈራ ሰው ነው እንዴ? የሚያውቁት ከሆነ ለምነው ያስፈርሙልኝ። አልከሰውም። ፊርማው ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።

ሉሊ

አንትወርፕ
ኤፕሪል 3፣ 2025

ለእትዬ ሙሉ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንድ ወር ሆነ፣ ደብዳቤ አልመጣም። አፍራህን በቴሌግራም ስጠይቃት «ደህና ናቸው፣ ጃንጥላቸው ሥር ናቸው» ብላ ጻፈችልኝ፤ ስለዚህ አሞዎት ይሆን ብዬ መፍራቴን ትቻለሁ።

ትናንት ለብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ታደለ። እኔ ልምምድ አልተከለከልኩም፣ ማሊያ ግን የሚሰጠው ወረቀቱ ላለቀለት ነው። ልጆቹ እየለኩ ሲስቁ እኔ ባዶ ካርቶኖቹን አጣጥፌ ወደ ውጭ አወጣሁ፤ የምይዘው ነገር እንዲኖረኝ ነው።

ብዙ ካስቸገርኩዎ ይቅርታ። ካልተገኘ ይተዉት። ብቻ ይጻፉልኝ።

ሉሊ

አዲስ አበባ
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ለሉሊ፤

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እናትሽም ትስማው።

ደንታ ቢስ ጸሐፊ ብለሽ የጻፍሽልኝ ሰው እኔ ነኝ።

አባትሽ ቤልጂየም ገብቶ እናንተን ሊወስድ ሲል፣ በ2008፣ እናትሽ አንቺን በእጇ ይዛ ጃንጥላዬ ሥር መጣች። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «የልደት ቀን?» አልኳት። «ጳጉሜን 6 ቀን 1999» አለችኝ። የፈረንጅ ቅጽ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም፤ ስለዚህ ወደ ሴፕቴምበር 11 መለስኩት። እስከዚህ ልክ ነኝ። ዓመቱ ላይ ግን ሴፕቴምበር ሲሆን ሰባት መደመር እጄ ለምዷል፤ ሰባት ደመርኩና 2006 ጻፍኩ። ሰባት የሚደመረው እኮ መስከረም አንድ ካለፈ ነው። ጳጉሜን ገና የአሮጌው ዓመት ናት፤ ለሷ ስምንት ነው የሚደመረው። 2007 ነበረ መሆን የነበረበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኔን ቁጥር ነው የገለበጠው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። በኔ ወረቀት ብትሄጂ የተወለድሽው 1999 ሲብት ነው፤ አንቺ ግን የተወለድሽው 1999 ሲያልቅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዋጥኩብሽ።

ይህ የገባኝ ደግሞ ዛሬ አይደለም። በጥር ደብዳቤሽ ላይ 2006 የሚለውን እንዳየሁ ነው የገባኝ፤ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ያደረግሁትን ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርድ ክፍል የሚሠራውን በድሉን «የመስከረም 1 ቀን 1999ን ገጽ አሳየኝ» አልኩት። የእናትሽ ስም እዚያ ላይ እንዲገኝ ፈልጌ ነበር። አንቺ አንድ ዓመት እንድታረጂና የኔ ቁጥር ልክ እንዲሆን። አልነበረችም። ያኔ ነው ያን «እናትሽ ተሳስታ ይሆናል» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ካልኩሌተሯ ተብዬ፣ እዚያው በር ላይ ተሳሳትኩ ብሎ መፈረም እንደሞት ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየር ጸባይ ጀመርኩና ቀደድኩት።

ያለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ ሲመጣ ኩልሱም ልጇን ልትጠይቅ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጥታ ነበር። የኢድ ሰሞን ስለሆነ ጣፋጭ ይዛልን መጥታ። አፍራህ ጮክ ብላ አነበበችው። ካርቶኑ ላይ ስትደርስ ኩልሱም እጇን አነሣች።

«ቆይ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

«የዓመት ጉዳይ ነው» አልኳት።

«የምን ዓመት? ሉሊ የተወለደችው ማክሰኞ። ረቡዕ የናንተ አዲስ ዓመት። ሐሙስ የኛ ጾም ገባ። ረቡዕ ለመድኃኒት ገንፎ አገንፍቼ አበላኋት፣ በማግስቱ ጾሜን ያዝኩ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ፣ እኔ ጾሜን አውቃለሁ። በዓመቱ ሁሉ ነው እንዴ ጾም የአዲስ ዓመት ማግስት የሚገባው? ያቺን ዓመት ብቻ ነው ያየሁት።» ከዚያ ጣፋጩን አስቀመጠች። «ማን ነው ወረቀቱን ያበላሸው?»

አፍራህ ማሽኗን መጥረግ ጀመረች።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ኩልሱም።

«እኔ ነኝ።»

«እና ለዚህ ነው ከጥር ጀምሮ ዓይኔን የማታዪው? እኔ ደግሞ ብድር ልትጠይቂኝ ፈልገሽ መስሎኝ ስሸሽሽ። ተነሺ።»

ሁለታችን ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በድሉ ሲያየኝ «እትዬ ሙሉ፣ ደግሞ መስከረም አንድ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ ጳጉሜን ስድስት።»

«ባለፈው መስከረም አንድ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ባለፈው ዋሽቼህ ነው።»

ልጁ ዓይኔን አየት አድርጎ መጋዘኑን ከፈተ። ከአቧራ ጋር ሁለት ሰዓት ታግለን የ1999ን የመጨረሻውን የወሊድ መዝገብ አወጣነው። ኩልሱም መሃረብ አፏ ላይ አስራ ስትገልጥ፣ እኔ ከኋላ ጀምሪ እያልኳት፣ እሷ አታስተምሪኝ እያለችኝ። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ፣ የመጨረሻው ስም፦ መድኃኒት ዘውዴ፣ ጳጉሜን 6 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሴት፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ከሥሩ ነርሷ በማስመሪያ ቀይ መስመር አስምራለች። ከመስመሩ በታች፣ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ፣ «እንኳን ለ2000 ዓ.ም. በሰላም አደረሰን» ብላ ጽፋ፣ ጎኑ ላይ አበባ ስላለች። የመንግሥት መዝገብ ላይ፣ አበባ።

የዚያ ዓመት የመጨረሻዋ ልጅ ነሽ፣ ሉሊ። ከቀዩ መስመር በላይ። ኩልሱም «አላልኩሽም?» አለችኝ፤ እኔ በዚያች መስመር አንቺን ያየሁሽ መሰለኝና መዝገቦቹ በተደረደሩበት ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ዕለት ትንፋሼ ታች ድረስ ወርዶ አያውቅም።

ከዚያ ወረዳ። ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩት፤ ለሰው እንደምጽፈው አድርጌ፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው አመልካች፣ የጳጉሜን ወር በአሮጌው ዓመት መቆጠሩን ዘንግቼ፣ ስምንት መደመር ሲገባኝ ሰባት በመደመሬ...» ዳባ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነባል።

«ለማን ነው ይሄ ማመልከቻ?»

«ለራሴ።»

እስከ መጨረሻው አነበበው። «ካልኩሌተሯ ባትሪ ጨርሳለች በላ» አለ። ከዚያ ግን ኮፍያውን አስተካክሎ «ምስክር ሦስት ነው የሚሉት፤ ኩልሱም፣ በድሉ፣ እኔ» ብሎ ከፊቴ ገባ። እሱ ስትወለጂ የት እንደነበረ አላውቅም፤ የፈረመው ግን ፊርማዬን ስለሚያውቅ እኔ ስለመሆኔ ነው። ሰው ተሳሳትኩ ሲል የሚመሰክርለት ሲያገኝ ምን እንደሚመስለው አሁን አወቅሁ።

የተስተካከለው የልደት ወረቀት፣ የመዝገቡ ገጽ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ከነአበባው፣ የኔ ፊርማ፣ ትርጉሙም ተሠርቶ፣ አራቱንም አፍራህ በባለቀለም ማሽኗ አንስታልሻለች። ዋናዎቹን በፖስታ ልኬያለሁ። ቀዩ በደንብ ይታያል።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። እናትሽንም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ልጇን የወለደችበትን ቀን ስትናገር አላመንኳትም።

ሙሉመቤት

አንትወርፕ
ሜይ 14፣ 2025

ለምወድዎ እትዬ ሙሉ፤

እንደምን አሉልኝ? እንደምን አሉልኝ? ሁለቴ የጻፍኩት እማዬ ሰላምታው እንዳያጥር ስላለችኝ ነው።

አለቀ። ትናንት ማዘጋጃ ቤቱ አዲሱን ወረቀት ሰጠኝ፤ ፌዴሬሽኑም ተቀበለው። ማዘጋጃ ቤት ያለችው ሴትዮ ሁሉንም ገጽ አየችና አበባዋ ላይ ስትደርስ ባልደረቦቿን ጠራቻቸው። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን ስነግራቸው አንዱ «ደሞዝ ይከፈላል?» አለ። ከዚያ ማኅተም መታች። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አሁን ስለ ደብዳቤዎ። እማዬ ሁሉንም ታውቅ ነበር። የጥር ደብዳቤ የጻፍኩ ቀን ነው የገባት። «ሙሉን እኔ ነኝ እንድትል አላስገድዳትም፤ ራሷ ትላለች» ብላ ነበር ለአባዬ። አባዬ «ካላለችስ?» ሲላት «ሙሉን አታውቃትም» አለችው። በአንድ ወሩ ዝምታ ግን እሷም ጥፍሯን ስትበላ አይቻታለሁ። ደብዳቤዎን ሳነብላት አለቀሰች፤ ከዚያ የእማማ ኩልሱም ገንፎ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ «ጨው አልነበረውም» አለች። ይህን ለእማማ ኩልሱም እንዳይነግሩ።

እኔ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ አንድ ቀን ተናድጄ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ። ኳሷን ግድግዳ ላይ ስመታ ዋልኩ። ከዚያ ግን የፈረሙትን አነበብኩት፣ «ስምንት መደመር ሲገባኝ ሰባት በመደመሬ» የሚለውን። እኛ ጋ ሰው ሲሳሳት ጣቱን ወደ ዳኛው ነው የሚቀስረው። አሠልጣኛችን ተተርጉሞ ስታነበው «ይቺ ሴትዮ ብትጫወት መሐል ሜዳ ነበር የማሰልፋት» አለች። ደንታ ቢስ ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ማሊያ ተሰጠኝ። ቁጥር ምረጪ ሲሉኝ የተረፈው ትንሽ ነበር፤ አሥራ ሦስትን እዚህ ሰው አይወደውም፣ ገድ የለውም ይላሉ። እኔ ወሰድኩት። ቅጻቸው ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር ካልሰጡኝ ጀርባዬ ላይ ልያዘው ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በሐምሌ ነው። ጨዋታው የሚታይበትን ሊንክ ለአፍራህ እልካለሁ።

ልጅዎ ሉሊ

አዲስ አበባ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሥራ ሦስት ቁጥሯ፤

ክረምቱ እዚህ ጃንጥላዬን ገልብጦ ሊወስደኝ ነው፤ እኔ ግን ደህና ነኝ፣ ከደህናም ደህና ነኝ። ፈጣሪ ጥርስሽን ስለጠበቀ አመስግኜዋለሁ፤ በየጨዋታው መጨረሻ አፍራህን «አጉዪው፣ ስትስቅ አሳዪኝ» እያልኩ ቆጥሬዋለሁ።

አራቱንም ጨዋታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አየን። ዳባ የመጣው በሥራ ሰዓት ነው፣ ለወረዳው እንዳትነግሪ። በድሉም ሻይ እረፍቱን ወደኛ አዞረው። ኩልሱም ደንቡን ሳታውቅ ዳኛዋን ስትሰድብ ነው የዋለችው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ኳሷ በግራሽ ስትመጣና አንቺ ዱላሽን ገልብጠሽ ስትመቺያት፣ መረቡ ከመነቃነቁ በፊት ኩልሱም «ሰፌዴን» አለች። አፍራህ ማሽኗን ደግፋ ስትስቅ አዝራሩን ተጭና ባዶ ወረቀት በተከታታይ ወጣ፤ እስኪያቆም ማንም አልዞረም።

ለፍጻሜ ባትደርሱም ሦስተኛ ሆናችሁ። እናትሽ ደውላ «ትልልቆቹ ለመስከረም ልምምድ ጠሯት» ስትለኝ ደግሞ ደንበኛ ፊቴ ነበር፤ በዚህኛው «ለተከበሩ»ን አልተሳሳትኩም።

ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ ነበር አላልኩሽም እንጂ። ማመልከቻዬን ባስገባሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት መጡና «ተሳሳትኩ ብላ የፈረመችው ሴትዮ የት ናት?» ብለው ጠየቁ። አለቀልኝ አልኩ። ዳባ ወደኔ ጠቆማቸው። ተቀመጡ። «እንግዲህ የኔን ስሪልኝ፤ አንቺ ሁለቴ ታያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወረፋ አለ። ወንበር ጨምሬያለሁ።

ትናንት አንዲት እናት ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ዳባ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሰባት ወይስ ስምንት?» ብሎ ጮኸ፤ ልማድ አድርጎታል። ስምንት አልኩት። ጻፍኩት፣ አፍራህ በስልኳ አረጋገጠችው፣ ሴትዮዋም በጣቷ ቆጠረችው።

እና አሁን ስለ ልደትሽ። ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት፤ ያንቺዋ ስድስተኛ ቀን ሁለት ዓመት ገና ይቀራታል። ስለዚህ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ስትይ እኛ ጋ መስከረም 1 ይሆናል፤ አዲስ ዓመትና አንቺ በአንድ ቀን ትውላላችሁ። ኩልሱም ገንፎ አገነፋለሁ ብላለች። ጨው አስታውሻታለሁ፤ ከየት እንደሰማሁ አልነገርኳትም።

የዚያን ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላሻል። እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ዳባ ቆጥሮታል፣ በድሉ መዝገቡን ደግሞ ገልጦ ቆጥሮታል። አሥራ ስምንት ነው።

አክስትሽ ሙሉመቤት